ካሎሪ ከመቁጠርዎ በፊት የዘይት ጄሪካኑን ይዩት

ጥያቄ፦ 36 ዓመቴ ነው፤ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሥራዬ መሀል ከተማ ስለሆነ ጠዋት 11 ሰዓት ተኩል ወጥቼ ማታ 1 ሰዓት ላይ እገባለሁ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ62፣ ክብደቴ 81 ኪሎ ነው። ስልኬ ላይ ካሎሪ የሚቆጥር አፕ ጫንኩና በቀን ከ1,200 እንዳላልፍ ነገረኝ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት 3 ኪሎ ቀነስኩ፤ ከዚያ ቆመ፤ አሁን 2ቱ ተመልሷል። አፑ ሽሮ አያውቅም፤ ለእንጀራ ደግሞ ሦስት ቦታ ሦስት ዓይነት ቁጥር ይሰጣል። ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር በአንድ ትሪ ነው የምንበላው። ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ። ሥጋ ከበላሁ ቆይቻለሁ፤ ኑሮው ራሱ ሁሉን አስቀንሶናል፤ ዘይት እንኳን 5 ሊትሯ ወር አልደርስ ብላ በ25 ቀን ታልቃለች። ካሎሪ መቁጠር በእርግጥ ይጠቅማል? ወይስ ልተወው?

ምላሽ፦ እህቴ፣ መልሱን አስቀድሜ ልንገርዎት። ለሁለት ሳምንት ይቁጠሩ፣ ከዚያ ይተዉት። የካሎሪ ሂሳብ ውሸት ሆኖ አይደለም፤ ከሚያቃጥለው በላይ የሚበላ ሰው ይወፍራል፣ አንሶ የሚበላ ይከሳል፤ ይህን የሚሽር ነገር እስካሁን አልተገኘም። ችግሩ ቁጥሩ በእኛ ትሪ ላይ የሚሳሳትበት መንገድ መብዛቱ ነው፤ ትልቁ ስህተት ደግሞ ያለው ድስቱ ውስጥ ነው። ጥያቄዎን ሳነብ ዓይኔ የቆመው 1,200 ላይ አልነበረም። እንደ ምሬት ጣል አድርገው ያለፏት የዘይት ነገር ላይ ነው። ቆይቼ እመለስባታለሁ።

መጀመሪያ ስለዚያ 1,200 ላንሳ። ዕድሜዎን፣ ቁመትዎንና ክብደትዎን ይዤ በሙያችን በብዛት በምንጠቀምበት፣ እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው የሚፍሊን ቀመር አሰላሁት። ቀኑን ሙሉ አልጋ ላይ ተኝተው ቢውሉ እንኳን ልብዎ፣ ጉበትዎና አንጎልዎ ሥራቸውን ለመሥራት 1,480 ካሎሪ ገደማ ይፈልጋሉ። ታክሲ ሰልፍ ቆመው፣ ቢሮ ውለው፣ አራት ፎቅ ወጥተው፣ ልጅ አጥበው ሲያድሩ ደግሞ ወደ 2,050 ይጠጋል። ቀመር ግምት ነው፤ ከሰው ሰው ከፍም ዝቅም ይላል። ቢሆንም አፑ ያዘዘልዎ ሰውነትዎ ተኝቶ ከሚፈልገው በታች መሆኑ ግልጽ ነው። ምናልባት ሲመዘገቡ "በሳምንት አንድ ኪሎ ልቀንስ" የሚለውን ተጭነው ይሆናል። አፕ የተጠየቀውን ይቀንሳል እንጂ "እህቴ፣ ይሄስ ይከብድሻል" አይልም።

የመጀመሪያዎቹ 3 ኪሎዎችም ሁሉም ስብ አልነበሩም። ሰውነታችን ጉበትና ጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን የሚባል የስኳር ክምችት አለው፤ እያንዳንዱ ግራም 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው። ምግብ ድንገት ሲያንስ ክምችቱ ይወጣል፣ ውሃውም አብሮት ይሄዳል፤ ሚዛኑም ደስ ያሰኛል። ትንሽ ለቀቅ ሲያደርጉ ውሃው ይመለሳል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ያህል ስለሚይዝ፣ በቀን 500 የሚቀንስ ሰው በሳምንት ግማሽ ኪሎ እንኳን በወጉ አይሞላለትም። ያውም በመጀመሪያው ሰሞን ነው፤ ሰውነት እየቀለለ ሲሄድ የሚያቃጥለውም እያነሰ ይመጣል። ስለዚህ ተመለሱ ካሏቸው 2 ኪሎዎች ውስጥ ጥሩ ድርሻ ያለው ውሃ ነውና ብዙ አይዘኑባቸው።

ለእንጀራ ሦስት ዓይነት ቁጥር በመስጠቱ ግን አፑን አልወቅሰውም። እንጀራ ከግማሽ ክብደቱ በላይ ውሃ ነው፤ 100 ግራሙ ከ140 እስከ 160 ካሎሪ ይሆናል። ጥያቄው "አንድ እንጀራ ስንት ግራም ነው?" የሚለው ነው። የኛ ቤት ምጣድ የሚያወጣውን አንድ ቀን በኩሽና ሚዛን መዘንኩት፤ 400 ግራም ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ከሰፈር ሱቅ የገዛሁት 250 ነበር፤ ሳስቶ፣ ዓይኑ ብቻ አምሮ። አንዱ 600 ካሎሪ ሌላው 350 ማለት ነው፤ ሁለቱም ግን አፑ ላይ "1 እንጀራ" ናቸው። ጤፉ ብቻውን ይሁን ከሩዝ ወይም ከማሽላ ይደባለቅ፣ ሊጡ ይቅጠን ይወፍር ሳይነሳ ነው ይህ ሁሉ።

ከዚያ ትሪው ይመጣል። አራት ሰው ከአንድ ትሪ ሲበላ የእርስዎ ድርሻ የትኛው ነው? ባለቤትዎ ያጎረሱዎት ጉርሻ በማን ሂሳብ ይጻፋል? ልጆቹ የተዉትን "ይደፋል እንዴ" ብላ የምታነሳው እናት ናት፤ ይህንን ከክሊኒክ ሥራዬ ብቻ ሳይሆን ከእናቴም አውቀዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1992 አሜሪካ ውስጥ የወጣ አንድ ጥናት ነበር። በቀን ከ1,200 ካሎሪ በላይ ሳንበላ ክብደታችን አልቀንስ አለ የሚሉ 10 ሰዎች የበሉትን ራሳቸው እንዲመዘግቡ ተደረገ፤ ሰውነታቸው በእርግጥ የሚያቃጥለው ደግሞ ለብቻው ተለካ። የመዘገቡት ከበሉት በአማካይ በ47 በመቶ አንሶ ተገኘ፤ እንቅስቃሴያቸውን ደግሞ በግማሽ ያህል አብዝተውት ነበር። የሰውነታቸው አሠራር ምንም እንከን አልነበረውም። ውሸታሞችም አልነበሩም፤ ከበላነው ውስጥ የምናስታውሰው ተቀምጠን የበላነውን ብቻ ነው። ቆመን የቀመስነው ወጥ፣ ሰልፍ ላይ የቆረጠምነው ቆሎ፣ ከአቦል እስከ በረካ የገባው ስኳር መብል አይመስለንም። እነዚህ ሰዎች ደግሞ በየሰሃናቸው የሚበሉ ነበሩ። የእኛን ትሪ አላዩም።

አሁን ወደ ዘይቷ።

አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ ይሰጣል፤ ፕሮቲንና ካርቦሃይድሬት 4፣ 4 ብቻ። አንድ ሊትር ዘይት 920 ግራም ያህል ስለሚመዝን 8,280 ካሎሪ ነው። 5 ሊትሯ 41,400። በ25 ቀን ካለቀች፣ በየቀኑ ድስትዎ ውስጥ 1,650 ካሎሪ የሚያህል ዘይት ይገባል ማለት ነው። ለአራት እኩል ቢካፈል ለሰው 414 ይደርሳል። ልጆቹ ከእናንተ ያነሰ ስለሚበሉ የእርስዎን ድርሻ ወደ 500 ባስጠጋው ብዙ አልሳሳትም። ጥቂቱ ድስት ላይ ይቀራል፣ ጥቂቱ ለእንግዳ ይሄዳል፤ እሱን ይቀንሱልኝ። ግን አስቡት፤ አፑ ሽሮን ሲያጣው በምትኩ የሚመስል የጥራጥሬ ሾርባ መርጠው ከመዘገቡ፣ ዘይቱ የትም አልተጻፈም። ቀኑን ሙሉ በረሃብ 1,200 ላይ ቆመው፣ ሳያውቁት 1,700 በልተው ያድራሉ። ሆድዎ ምንም የተጨመረለት አይመስለውም፤ ዘይት ሆድ አይሞላማ!

ለእኛ ቤት ከስልክ ይልቅ ጄሪካኑ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው። ጄሪካኑ አይረሳም፤ ጉርሻ አያምታታውም፤ እንጀራው ቢሳሳ ቢወፍር አያገባውም። የሚጠይቅዎት ሁለት ቀን ብቻ ነው፦ የተከፈተበትና ያለቀበት። 5 ሊትሯን 40 ቀን ካደረሷት በየቀኑ የሚገባው ከ1,650 ወደ 1,035 ይወርዳል። ከዚህ ቅናሽ የእርስዎ ድርሻ በቀን 180 ወይም 190 ካሎሪ ይሆናል፤ እንጀራ ሳይቀንሱ፣ ከትሪው ሳይነሱ፣ "አመጋገብ ላይ ነኝ" ብለው ለማንም ሳያስረዱ። ኪስም ይተርፋል። የእግር መንገድ ይህን ያህል ለማቃጠል ለእርስዎ ክብደት 40 ደቂቃ ያስፈልገዋል።

እንዴት ይቀነሳል ቢሉ፣ ዘይት ከጄሪካኑ በቀጥታ ድስት ላይ አይቅዱ፤ በሲኒ ይስፈሩ። አንድ ሲኒ ሙሉ ዘይት ከ500 ካሎሪ ይበልጣል፣ ከአንድ ሙሉ እንጀራ ጋር እኩል ነው። ቀይ ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት ያቁላሉት፤ ሊይዝ ሲል ጠብ ጠብ እያደረጉ ውሃ፣ በርበሬው ከመግባቱ በፊት ዘይቱ። ሽንኩርቱ በደንብ ከበሰለ ወጡ በግማሽ ዘይት ጣዕሙን አያጣም። የሚያጣው ከላይ የሚንሳፈፈውን ቀይ ዘይት ነው። እሱ ደግሞ ለእንግዳ ሲቀርብ የሙያ ምልክት ተደርጎ ስለሚታይ አማትዎ ምን እንደሚሉ እኔ መልስ የለኝም።

ስለ ጾሙ። ረቡዕና ዓርብ መጾምዎን ከክብደት ጋር ባያያይዙት ደስ ይለኛል፤ ጾሙ የተሠራው ለሌላ ጉዳይ ነው። በሥነ ምግብ በኩል የማየው ግን አንድ ነገር አለ። "የጾም ምግብ ቀላል ነው" እንላለን፤ ቅቤው ሲቀር ግን ዘይቱ ይጨምራል። የጾም በያይነቱ ላይ ያለው ጎመን፣ ድንች በካሮት፣ ምስር፣ ሁሉም ለየብቻው ተቁላልቶ ነው የሚመጣ። ከሻዩ ጋር ሳምቡሳ ከተከተለ ደግሞ የጾሙ ቀን ከፍስኩ ቀን የበለጠ ይከብዳል። ሁለተኛው ነገር ሰዓቱ ነው፤ ጠዋት 11 ተኩል ወጥቶ እስከ 9 ሰዓት ያልቀመሰ ሰው፣ ምግብ ሲያገኝ ማቆሚያው ይጠፋዋል። ለዚያ መፍትሔው የመጀመሪያውን ምግብ በምስር ወይም በሽንብራ መጀመር ነው፤ ፕሮቲንና አሰር (ፋይበር) አንድ ላይ ስላላቸው ጥጋቡ ይቆያል።

እዚህ ላይ ከጥያቄዎ ጀርባ ያለ ሌላ ጥያቄ ይነሳል፤ ካሎሪ መቁጠር ጤናማ መብላት ማለት ነው ወይ? አይደለም። የሚረጋው ዘይትና ፈሳሹ የሱፍ ዘይት በካሎሪ እኩል ናቸው። የሚረጋው የፓልም ዘይት ግን ግማሽ ያህሉ ለልብ የማይመች ስብ ነው፤ የሱፍ ዘይት ውስጥ ያ ስብ ጥቂት ነው። አፑ ለሁለቱም አንድ ቁጥር ይሰጣል። የ300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ መጠጥ 130 ካሎሪ ገደማ ነው፤ 110 ግራም የተቀቀለ ምስርም እንዲሁ። አንዱ 30 ግራም ስኳር ብቻ ነው፣ ሌላው ከ9 ግራም በላይ ፕሮቲንና ብዙ አሰር አለው። በ2014 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የሀገራችን የአመጋገብ መመሪያም የሚያተኩረው ከተለያዩ የምግብ ምድቦች በመብላትና ስኳርና ጨው በመቀነስ ላይ ነው።

እንዲያውም ሳይቆጥሩ የሚከሱ ሰዎች እንዳሉ በደንብ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2018 ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በወጣ ጥናት 609 ሰዎች ለአንድ ዓመት ተከታትለዋል። ግማሾቹ ስብ፣ ግማሾቹ ካርቦሃይድሬት እንዲቀንሱ ተነገራቸው፤ ካሎሪ ቁጠሩ አልተባሉም። ሁሉም አትክልት እንዲያበዙ፣ ስኳርና የተፈተገ ዱቄት እንዲቀንሱ፣ በተቻለ መጠን ቤት የተሠራ እንዲበሉ ተመከሩ። በአማካይ ሁለቱም ወገኖች ከ5 እስከ 6 ኪሎ ቀነሱ፤ የጎላ ልዩነት አልተገኘም። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ኬቨን ሆል የተባለ ተመራማሪ 20 ሰዎችን ለአራት ሳምንት አንድ ቦታ አስቀምጦ ለሁለት ሳምንት ፋብሪካ ያቀነባበረው ምግብ፣ ለሁለት ሳምንት ደግሞ ያልተቀነባበረ አቀረበላቸው፤ የፈለጉትን ያህል እንዲበሉ። በፋብሪካው ምግብ ጊዜ በቀን 500 ካሎሪ ያህል አብዝተው በሉ፤ ሳይታወቃቸው። ያን ጊዜ ያቀረበላቸው ዓይነት ምግብ ዛሬ ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ዙሪያ ባሉ ሱቆች ሁሉ ተሰቅሏል፤ ብስኩቱ፣ ቺፕሱ፣ የታሸገው ኬክ። ከሥራ ሲመለሱ ረሃብ የሚያገኝዎት እዚያ ጋ ነው። ስለዚህ ቦርሳዎ ውስጥ አንድ ሙዝ ወይም አንድ እፍኝ ቆሎ ይኑር። አንድ እፍኝ የገብስ ቆሎ 110 ካሎሪ ያህል ነው፤ ለውዝ የበዛበት ከሆነ ከዚያ ያልፋል። ቢሆንም ከብስኩቱ ይሻላል።

ታዲያ ሁለቱ ሳምንታት ለምን አስፈለጉ? መጻፍ ራሱ ስለሚጠቅም ነው። የበሉትን የሚመዘግቡ ሰዎች ከማይመዘግቡት የተሻለ እንደሚቀንሱ በተደጋጋሚ ታይቷል፤ ቁጥሩ ትክክል ስለሆነ ሳይሆን ዓይን ስለሚከፈት። ስለዚህ አፑን ይተዉትና ደብተር ይያዙ። በግራም አይጻፉ፤ በቤትዎ መስፈሪያ ይጻፉ፦ እንጀራ ሩብ፣ ግማሽ፣ ወጥ ስንት ጭልፋ፣ ስኳር ስንት ማንኪያ፣ ቆመው የቀመሱትም ጭምር። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 16 ካሎሪ ነው፤ በቀን አራት ብርጭቆ ሻይ በሦስት ሦስት ማንኪያ የሚጠጣ ሰው ወደ 200 ይደርሳል። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ አንድ ወይም ሁለት ነገር ከወረቀቱ ላይ ተነስቶ ፊትዎ ይቆማል። እሱን ብቻ ይለውጡ፤ ሌላውን አይንኩት።

ከዚያ በላይ ደብተሩን እንዳይቀጥሉ የምመክርዎት በራሴ ስላየሁት ነው። ተማሪ እያለሁ ሦስት ወር ሙሉ የበላሁትን ሁሉ ቆጥሬ ነበር። የአጎቴ ልጅ ሠርግ ላይ ክትፎ ሲቀርብልኝ፣ ቅቤውን በሾርባ ማንኪያ እያሰላሁ ከጎኔ የተቀመጡት አክስቴ ሁለት ጊዜ የጠየቁኝን ሳልሰማ ቀረሁ። "ልጁ ታሟል እንዴ?" አሉ። ምግብ ባየ ቁጥር ቁጥር የሚታየው ሰው ከትሪው ይርቃል፤ አንዳንዱም ከዚያ አልፎ ምግብ መፍራት ይጀምረዋል። ሲበሉ ጥፋተኝነት የሚሰማዎት ከሆነ፣ ወይም ተርበው ከቆዩ በኋላ ያለ ልክ በልተው የሚያለቅሱበት ጊዜ ካለ፣ ሁለቱንም ሳምንት ይዝለሉትና ቀጥታ ወደ ዘይቱ ይሂዱ።

ቀኑን አይራቡ። ቁርስ ሳይበሉ ወጥተው፣ ምሳ ቆንጥረው፣ ማታ 1 ሰዓት አራተኛ ፎቅ ሲደርሱ ትሪው ፊት የሚቀመጠው ሌላ ሰው ነው፤ የቀኑን ቁጠባ በአንድ ጊዜ ይመልሰዋል። ምሳዎን ከቤት ይቋጥሩ፤ ግማሽ እንጀራ፣ ወፍራም ሽሮ ወይም ምስር፣ ጎመን በርከት ብሎ። ሥጋ መቅረቱ ለብቻው ጉዳት የለውም፤ ግን በፍስክ ቀን እንቁላል፣ በጾም ቀን ጥራጥሬ ካልተተካ ከስቡ ጋር ጡንቻዎም ይሄዳል። ሻይና ቡናውን ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል ያርቁት፤ ከጎመኑና ከጤፉ የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ያደርጋሉና፣ በእርስዎ ዕድሜ ላለች ሴት ብረት ትልቅ ነገር ነው።

ሚዛን በሳምንት አንድ ቀን ይበቃል፤ ጠዋት፣ ከቁርስ በፊት፣ በአንድ ሚዛን ላይ። መንገድ ዳር ሚዛን ዘርግተው የሚቀመጡት ልጆች ጋ ከነጫማዎና ከነጃኬትዎ የሚወጡ ከሆነ አንድ ሁለት ኪሎ ወዲያና ወዲህ ሲል አይደንግጡ። ከሱ የልብስ ሰፊ ሜትር ይሻላል፤ ወገብዎን ይለኩ። ለሴት ከ88 ሴንቲ ሜትር በላይ ሲሆን የስኳርና የልብ በሽታ ስጋት ከፍ ይላል። ግብዎን ደግሞ 60 ኪሎ አያድርጉት። ከ81 ላይ ከ4 እስከ 8 ኪሎ ቢቀንሱና ቢቆይልዎት፣ ለደም ግፊትዎና በደምዎ ውስጥ ላለው ስኳር ይህችው ቅናሽ ትጠቅማለች።

አንድ ሁለት ማስጠንቀቂያ። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም እያጠቡ ከሆነ ይህን ሁሉ ይተዉት። ለስኳር ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስዱ ከሆነ ሐኪምዎን ሳያማክሩ ምግብ አይቀንሱ፤ ስኳርዎ ድንገት ሊወርድ ይችላል። የሦስት ወር መርፌ የሚወጉ ከሆነም አንዳንድ ሴቶች ላይ ክብደት ይጨምራል፤ በራስዎ አያቋርጡት፣ ጤና ጣቢያ ሄደው ሌላ አማራጭ ይጠይቁ።

አሁን ያለችው ጄሪካን ስታልቅና አዲሷን ሲከፍቱ፣ ቀኑን በማርከር ሆዷ ላይ ይጻፉባት። ስታልቅ ቀኑን ቆጥረው ይላኩልኝ፤ ከዚያ ስለ እንጀራው እናወራለን።